ያጠፋሁት ፋይል ቦታውን አልለቀቀም፤ ከሩቅ ሰርቨር ጋር ለሚሠራ ጀማሪስ ምን ይቅደም?

ዘንባባ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የመጻሕፍት ማውጫ የሚገኝበትን ሰርቨር ከተረከብኩ ሁለት ወሬ ነው። ከዚያ በፊት ሥራዬ መጻሕፍቱን መመዝገብ ብቻ ነበር። ሰርቨሩን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ያስረከበኝ ባልደረባ አንድ ገጽ ማስታወሻ ትቶልኛል፦ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሰርቨር ጋር በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም) እንዴት እንደሚገባ፣ የይለፍ ቃሉ፣ ከታች ደግሞ «እምቢ ካለሽ ከፊቱ ሱዶ ጨምሪበት» የሚል ምክር። ሱዶ ትእዛዙን በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽም ቃል ነው።

ትናንት ማታ ድረ ገጹ ቆመ። ገብቼ የዲስኩን ቦታ የሚያሳየውን «ዲኤፍ -ኤች» ስጽፍ ዲስኩ 100 በመቶ ሞልቷል አለኝ፤ ጠቅላላ መጠኑ 40 ጊጋባይት፣ የተያዘው 38፣ የቀረው 0። ሁለቱ ጊጋባይት የት እንደገባ አልገባኝም። /ቫር/ሎግ ውስጥ ስፈልግ 23 ጊጋባይት የሆነ አንድ የሎግ ፋይል (ፕሮግራም ያጋጠመውን የሚመዘግብበት) አገኘሁና በአርኤም አጠፋሁት። በኤልኤስ ሳየው ፋይሉ የለም። ዲኤፍ ግን አሁንም 100 በመቶ ይላል። በሌላ በኩል ዲዩ የፋይሎቹ ድምር 15 ጊጋባይት ብቻ ነው ይለኛል። ሁለቱ ትእዛዞች ስለ አንድ ዲስክ ሁለት ነገር ሲናገሩ የትኛውን ልመን?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ሰፋ ያለ ነው። ይህ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ያስፈራኛል። መዳፊት የለ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የለ። የበይነመረብ መስመሬም በመሐል ይቋረጣል። አንድ ሰው ከባዶ ቢጀምር የትኞቹን ትእዛዞች አስቀድሞ ቢያውቅ ነው ሳይንቀጠቀጥ መሥራት የሚችለው?

ንስር

ማሽኑን እንደገና አስነሺው፦ «ሱዶ ሪቡት»። ሲመለስ ቦታው ነፃ ሆኖ ታገኚዋለሽ። እኔም ላይ ደርሶ በዚህ ነው የተፈታልኝ።

መቅረዝ

እህት ዘንባባ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ምንም አላበላሸሽም። ሁለቱም ትእዛዞች እውነቱን ነግረውሻል። (ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ አንቺ ስትጽፊያቸው በላቲን ፊደል፣ በትንሹ ሆሄ ነው።)

ሊኑክስ (ሰርቨርሽ የሚሠራበት ሥርዓተ ክወና) ላይ የፋይል ስምና የፋይሉ አካል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አርኤም የሚያጠፋው ስሙን ነው። አካሉ ከዲስኩ ላይ የሚለቀቀው ስም ሲያጣ ብቻ ሳይሆን፣ ከፍቶ የያዘው ፕሮግራምም ሲለቀው ነው። የድረ ገጹ ፕሮግራም ሎጉን ገና ሲነሣ ከፍቶ ይዞታል። አንቺ ስሙን ስትፍቂ እሱ አልሰማም፤ ስም የሌለውን ፋይል እንደያዘ ነው። ዲዩ ፎልደር ለፎልደር እየዞረ በስም የሚያገኛቸውን ፋይሎች ይደምራል፤ ስለዚህ 15 አለሽ። ዲኤፍ ግን በፎልደር አይዞርም፤ ዲስኩ ላይ ስንት ቦታ እንደተያዘ የፋይል ሥርዓቱን ራሱን ይጠይቃል። 15 እና 23 ስትደምሪ 38 ነው። የጠፋብሽ ሁለት ጊጋባይትም አለ፦ ኢኤክስቲ4 የሚባለው የፋይል ሥርዓት ሲዘጋጅ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ከቦታው 5 በመቶውን ለሩት፣ ማለትም ሁሉ ለሚፈቀድለት ዋና የአስተዳዳሪ ተጠቃሚ፣ ለብቻው ያስቀምጣል። የ40 አምስት በመቶ 2 ነው። ሒሳቡ ሞልቷል።

አሁን ይህን ጻፊ፦ «ሱዶ ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1»። ኤሏ ትልቋ ሆሄ ናት፣ ቀጥላ ያለችው የአንድ ቁጥር ናት። ስማቸው ጠፍቶ ገና የተያዙ ፋይሎችን ይዘረዝርልሻል። 23 ጊጋባይቱን የያዘውን ፕሮግራም ስም በመጀመሪያው ዓምድ ታያለሽ። እሱን ብቻ በ«ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት» አስነሺው፤ ከመጨረሻ የአገልግሎቱን ስም ጨምሪ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ሎግ ሲያጋጥምሽ አታጥፊው፤ «ትራንኬት -ኤስ 0» ብለሽ የፋይሉን ስም ጨምሪበት። ስሙ እዚያው ይቀራል፣ ውስጡ ብቻ ይራገፋል፣ ቦታውም በዚያችው ቅጽበት ይለቀቃል።

የንስር መልስ ይሠራል፤ ማሽኑ ሲጠፋ ሁሉም ፕሮግራም የያዘውን ስለሚለቅ ነው። እኔ ግን አልመክርሽም። ጠረጴዛሽ ላይ ያለ ኮምፒውተር አልነሣ ቢልሽ ቢያንስ ምን እንደሚል ስክሪኑ ላይ ታነቢያለሽ። ሩቅ ያለው አልነሣ ካለ የምታገኚው ዝምታ ነው። ምናልባት ከወራት በፊት አንድ ሰው ማሽኑ ሲነሣ የትኞቹን ዲስኮች እንደሚያያይዝ በሚነግረው ኤፍኤስታብ በተባለው ፋይል ውስጥ የተሳሳተ መስመር ጽፎ ትቷል እንበል፤ ስህተቱ ተኝቶ ይከርምና ማሽኑ በተነሣ ዕለት ይገለጣል። በዚያ ላይ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። 23 ጊጋባይት ሎግ በራሱ አይከማችም። ፕሮግራሙን ካስነሣሽ በኋላ አዲሱን ሎግ በ«ቴይል -ኤፍ» (አዲስ መስመር ሲጨመር እያሳየ በሚቆየው ትእዛዝ) ክፈቺና ምን እያለቀሰ እንደሆነ አንብቢ። ሎጉ ለምን በየጊዜው እየተቆረጠ እንዳልታደሰም አጣሪ፤ ያ ሥራ የሎግሮቴት ነው፤ ደንቦቹ /ኢቲሲ/ሎግሮቴት.ዲ ውስጥ ይገኛሉ።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን እወደዋለሁ። እኔ ትእዛዞችን የማስተምረው ለሁለት ከፍዬ ነው፦ የሚያዩና የሚነኩ። የሚያዩት ምንም አይለውጡም፤ ሺህ ጊዜ ብትጽፊያቸው ሰርቨሩ እንደነበረ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከእነሱ ጋር ብቻ አሳልፊ። ስትገቢ «ሆስትኔም» የትኛው ማሽን ላይ እንዳለሽ፣ «ሁአምአይ» በማን ስም እንደገባሽ፣ «ፒደብሊውዲ» የትኛው ፎልደር ውስጥ እንደቆምሽ ይነግሩሻል። «ኤልኤስ -ኤልኤ» የተደበቁትን ጨምሮ ፋይሎቹን ከነባለቤታቸው ያሳያል። «ሌስ» ረጅም ፋይል ማንበቢያ ነው፤ የኪው ፊደልን ስትጫኚ ይለቅሻል። «ግሬፕ» በመቶ ሺህ መስመሮች መካከል የፈለግሽውን ቃል ለቅሞ ያመጣል። «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ» አንድ አገልግሎት ቆሞ ይሁን እየሠራ፣ «ጆርናልሲቲኤል -ዩ» ደግሞ ከአገልግሎቱ ስም ጋር ያ አገልግሎት ሲናገር የዋለውን ያሳይሻል። «ፍሪ -ኤች» ስትዪ ፍሪ የሚለው ዓምድ ትንሽ ቁጥር ቢያሳይሽ አትደንግጪ፤ ሊኑክስ ሥራ የፈታውን ማኅደረ ትውስታ ፋይሎችን ለማቆያ ይጠቀምበታልና መመልከት ያለብሽ አቬይለብል የሚለውን ዓምድ ነው።

ከዚያ የሚነኩት ይመጣሉ፦ አርኤም (ማጥፊያ)፣ ኤምቪ (ማዛወሪያ)፣ ሲፒ (መቅጃ)፣ ሲኤችሞድ (ፈቃድ መቀየሪያ)። ከእነዚህ አንዱን ከመጻፍሽ በፊት አቻውን የሚያየውን ጻፊ። እንዴት እንደሆነ ላሳይሽ። ፎልደር ውስጥ ያሉትን የሎግ ፋይሎች ለማጥፋት «አርኤም *.ሎግ» ይባላል። እጅሽ ስቶ ከኮከቧ ቀጥሎ አንድ ባዶ ቦታ ቢያስገባ «አርኤም * .ሎግ» ይሆናል። ሰርቨሩ ይህን የሚያነበው «ሁሉንም ፋይል አጥፋ፤ ከዚያ ነጥብ ሎግ የሚባለውንም አጥፋ» ብሎ ነው። የቆሻሻ ቅርጫት የለም፤ የሄደው ሄዷል። ስለዚህ መጀመሪያ «ኤልኤስ *.ሎግ» በዪ። የዘረዘረልሽን አንድ በአንድ አንብቢ። ልክ ከሆነ ወደ ላይ የምትጠቁመውን ቀስት ስትጫኚ ያው መስመር ተመልሶ ይመጣል፤ መጀመሪያው ላይ ኤልኤስን በአርኤም ብቻ ተኪ። የቀረውን ዳግመኛ አትጻፊ፤ ያየሽው ዝርዝርና የሚጠፋው ዝርዝር አንድ የሚሆኑት እንደዚያ ሲሆን ነው። የታብ ቁልፍንም ልመጂ። የፎልደር ስም ጀምረሽ ታብ ስትጫኚ ይጨርስልሻል፤ አልጨርስ ካለ ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ መንገድ ላይ ነሽ ማለት ነው፣ ወይም በአንድ ዓይነት ፊደል የሚጀምሩ ብዙ አሉ።

የይለፍ ቃሉ ወረቀት ላይ መሆኑ ያሳስበኛል። በራስሽ ኮምፒውተር ላይ «ኤስኤስኤች-ኪጀን -ቲ ኢዲ25519» ብለሽ ቁልፍ ፍጠሪ (ጥንድ ፋይል ነው፤ አንዱ ይፋዊ፣ አንዱ የግል)፣ ይፋዊውን ቁልፍ በ«ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ» ወደ ሰርቨሩ ላኪ። የግል ቁልፉ ከኮምፒውተርሽ አይወጣም፤ ለማንም አይላክም። ኤስኤስኤች ራሱ የተወለደው ከይለፍ ቃል ስርቆት ነው። በ1995 ታቱ ኢሎነን የተባለ ፊንላንዳዊ፣ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ የዩኒቨርሲቲው ኔትዎርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ሲጠለፉ አይቶ ሠራው። ከሩቅ ለመግባት ያገለግል የነበረው የቀድሞው ቴልኔት የይለፍ ቃሉን ሳይሸፍን ነበር በሽቦው ላይ የሚልከው። ቁጥር 22 የሆነውን ፖርት (አገልግሎቱ ግንኙነት የሚቀበልበት የበር ቁጥር) ያገኘውም ፋይል ማስተላለፊያው ኤፍቲፒ 21፣ ቴልኔት 23 ሆነው በመሐላቸው ያለችው ቁጥር ስላልተያዘች ነው።

ቁልፉ ከሠራልሽ በኋላ በይለፍ ቃል መግባትን ትዘጊዋለሽ። እዚህ ላይ ግን ቆም በዪ። እኔ በጀማሪነቴ በአንድ ሰርቨር ላይ ፋየርዎል (የኔትዎርክ ግንኙነትን የሚፈቅድና የሚከለክል መከላከያ) ሳበራ ፖርት 22ን መፍቀድ ረስቼ ነበር። ስህተቱን ወዲያው አላየሁትም፤ የተከፈተው መስኮቴ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ ፋየርዎሉ ቀድሞ የተያዘውን ግንኙነት አልቆረጠውም። ሁሉ ደህና ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት። ማግስቱን ልገባ ስል ምንም መልስ የለም። ክው አልኩ። ሰርቨሩን የሚያከራየው ድርጅት የአደጋ ጊዜ መግቢያ ባይኖር ኖሮ ያ ማሽን ከእኔ እጅ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመግቢያውን በር የሚነካ ነገር ስለውጥ የያዝኩትን መስኮት አልዘጋም። ሌላ መስኮት እከፍታለሁ፣ ከእንደገና እገባለሁ፣ ገብቼ ሳይ ብቻ የመጀመሪያውን እለቃለሁ። የኤስኤስኤች ቅንብር ፋይልን ስትለውጪም አገልግሎቱን ከማደስሽ በፊት «ሱዶ ኤስኤስኤችዲ -ቲ» በዪ፤ ስህተት ካለ መስመሩን ቁጥር ጠርቶ ይነግርሻል፣ ዝም ካለ አጻጻፉ ልክ ነው።

የሌሊት ተረኛ

መቅረዝ ካለው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

ሆስትኔም የሚለውን ትእዛዝ አትናቂው። እኔ አንድ ምሽት ሥራ ጨርሼ የራሴን ኮምፒውተር ልዝጋ ብዬ የማጥፊያውን ትእዛዝ ስጽፍ የተከፈተው መስኮት የሰርቨሩ ነበር። የእኔ ኮምፒውተር እንደበራ፣ የሰው ሁሉ አገልግሎት ጠፋ። ሰርቨርን ከሩቅ ማጥፋት ይቻላል፤ የጠፋን ማሽን በኤስኤስኤች ማብራት ግን አይቻልም። ያን ሌሊት የሚያበራልኝ ሰው እስከማገኝ የጠበቅኩበትን ሰዓት አልረሳውም። አሁን የሰርቨሩን የትእዛዝ መስመር መነሻ ቀይ አድርጌዋለሁ፤ ከራሴ ኮምፒውተር ጋር በቀለም ይለያል።

ሁለተኛው፣ መስመርሽ ይቋረጣል ብለሻል። ለዚህ ቲመክስ የሚባል፣ የሥራ መስኮትሽን ሰርቨሩ ላይ ይዞ የሚያቆይ ፕሮግራም አለልሽ። ሰርቨሩ ላይ እንደገባሽ ከሁሉ አስቀድመሽ «ቲመክስ» በዪና ሥራሽን ከውስጡ ሥሪ። በተራው መስኮት መስመሩ ሲበጠስ ያስጀመርሽው ሥራ መስኮቱ ተዘጋ የሚል ምልክት ይደርሰውና አብሮ ይቆማል፤ የፕሮግራሞች ማሻሻያ በመሐል ሲቆም ደግሞ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። በቲመክስ ውስጥ ከሆነ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል። ተመልሰሽ ስትገቢ «ቲመክስ ኤ» ስትዪ ካቆምሽበት ትገናኛላችሁ። ራስሽ ልትወጪ ስትፈልጊ ኮንትሮልንና ቢን አንድ ላይ ተጫኝ፣ ልቀቂያቸው፣ ከዚያ ዲን ተጫኝ።

ዘንባባ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኤልኤስኦኤፍ ፋይሉን አሳየኝ፤ ከጎኑ መጠኑም ነበር፣ በባይት የተጻፈ 11 አኃዝ ቁጥር። የድረ ገጹን ፕሮግራም ብቻ አስነሣሁ። ዲኤፍ የተያዘው 15 ጊጋባይት ነው አለኝ። ድረ ገጹም ተመልሷል።

ከዚያ ቴይል -ኤፍ አልኩና መስመሮቹ ሲወርዱ አየሁ። አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሞ ይላል፦ የመጻሕፍቱ የሽፋን ሥዕሎች ወደሚቀመጡበት ፎልደር ልጽፍ ስል ፈቃድ ተከለከልኩ ነው የሚለው። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ። ስፈልግ ያገኘሁት ምክር «ሲኤችሞድ 777» በዪው የሚል ነው። ልበለው?

መቅረዝ

አትበዪው። ሦስቱ ቁጥሮች የሦስት ወገን ፈቃዶች ናቸው፦ የባለቤቱ፣ የቡድኑና የሌላው ሁሉ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ፎልደር ሲሆን ማስኬድ ማለት ወደ ውስጥ መግባት ነው። ሲደመሩ 7። 777 ማለት በዚያ ማሽን ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚና ማንኛውም ፕሮግራም እዚያ ፎልደር ውስጥ ይጻፍ፣ ያጥፋ ማለት ነው። ስህተቱ ከሎጉ ይጠፋል፣ በሩ ግን ተከፍቶ ይቀራል። ድረ ገጽ የሚያቀርበው ፎልደር ሲሆን ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ችግሩ የፈቃድ ማነስ አይመስለኝም፤ የባለቤት ጉዳይ ነው። ሁለት የሚያዩ ትእዛዞች ጻፊልኝ። «ኤልኤስ -ኤልዲ» ከፎልደሩ ስም ጋር፤ ባለቤቱ ማን ይላል? «ፒኤስ ኦክስ» ብለሽ የድረ ገጹን ፕሮግራም ፈልጊ፤ በመጀመሪያው ዓምድ በማን ስም እየሠራ ነው? ሁለቱ ስሞች አንድ ናቸው?

ዘንባባ (ጠያቂ)

አንድ አይደሉም። የፎልደሩ ባለቤት ሩት ነው፤ ፕሮግራሙ በሌላ ስም ነው የሚሠራው። ደግሞም አስታወስኩ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ የሽፋን ሥዕሎች ስጭን ኮፒ ማድረጉ እምቢ አለኝና በማስታወሻው እንደተጻፈው ከፊቱ ሱዶ ጨመርኩበት። ፎልደሩን ያን ጊዜ ነው እንደ አዲስ የፈጠርኩት።

መቅረዝ

እንግዲያው ተገኘ። በሱዶ የፈጠርሽው ነገር ሁሉ የሩት ንብረት ሆኖ ይወለዳል። ሱዶ ያኔ እምቢታውን አለፈልሽ፤ እምቢታው ግን ያ ቦታ የአንቺ ሳይሆን የፕሮግራሙ መሆኑን ሊነግርሽ ነበር። ያስረከበሽን ሰው አልወቅሰውም፤ ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚማረው። ማስታወሻው ላይ ግን ከዚያ መስመር አጠገብ «መጀመሪያ ባለቤቱን በኤልኤስ -ኤልዲ እዪ» ብለሽ ጻፊበት፤ ካንቺ ቀጥሎ የሚረከበው ሰው እንዲያገኘው።

መፍትሔው ባለቤትን የሚቀይረው «ሱዶ ሲኤችኦውን -አር» ነው፤ ቀጥሎ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ስም፣ ባለ ሁለት ነጥብ፣ የቡድኑ ስም፣ በመጨረሻ የፎልደሩ ሙሉ መንገድ። -አር ያልኩት ትልቋ ሆሄ ናት፤ ፎልደሩን ከነውስጡ ያካትታል። ለዚህ ነው መንገዱን በታብ ጻፊ የምልሽ፤ ከጫፉ አንድ ቃል ቢጎድል የወላጅ ፎልደሩ ባለቤት በሙሉ ይቀየራል። ፈቃዱ ለፎልደሮች 755፣ ለፋይሎች 644 ከሆነ ይበቃል። ቴይል -ኤፍን በሌላ መስኮት ክፍት አድርጊና ትእዛዙን ስትሰጪ ሎጉን ተመልከቺ።

ዘንባባ (ጠያቂ)

ቲመክስ ውስጥ ሆኜ ነው የሠራሁት። ሲኤችኦውንን ከመጻፌ በፊት ያንኑ መንገድ በኤልኤስ አየሁት፤ የሽፋን ሥዕሎቹ ብቻ ነበሩ። ልክ ኢንተር ልጫን ስል መስመሬ ተበጠሰ። ተመልሼ ገብቼ «ቲመክስ ኤ» ስል የጻፍኩት መስመር አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ይጠብቀኝ ነበር። ሆስትኔም የሚለውን በሌላኛው መስኮት አረጋገጥኩና ተጫንኩት።

በጎን የተከፈተው ሎግ በዚያው ቆመ። ይህን ስጽፍ 20 ደቂቃ አልፏል፤ አንድም መስመር አልጨመረም። ነገ ጠዋት ቁልፉን እሠራለሁ፣ ሁለት መስኮት ከፍቼ።